የፋውንዴሽን ቀለም መረጣ በኦንላይን ግዢ

የፋውንዴሽን ቀለም መረጣ ማለት ለፊት መዋቢያ ከሚውሉ ሜካፖች አንዱ የሆነው ፋውንዴሽን ከተጠቃሚው ቆዳ ጋር እንዲስማማ ተገቢውን የቀለም ደረጃ (በተለምዶ «ሼድ» የሚባለውን) መለየት ነው። ከሱቅ ሲገዛ ዕቃው በመንጋጋ ላይ ተቀብቶ፣ በመስታወት ታይቶ ይመረጣል። በቴሌግራም፣ በቲክቶክ፣ በኢንስታግራም ወይም በድረ ገጽ ሲገዛ ግን ገዢው የሚያየው የቀለሙን ፎቶ እንጂ ቀለሙን አይደለም። ፎቶው ደግሞ ከቆዳ እስከ ስልክ ስክሪን ባለው መንገድ ላይ በብርሃን፣ በካሜራ፣ በፊልተርና በስክሪኑ በራሱ ይለወጣል። ስለዚህ በኦንላይን ግዢ የስክሪኑን ቀለም ከፊት ጋር ማወዳደር አስተማማኝ አይደለም። የተሻለው ዘዴ የሼዱን መለያ ቁጥር፣ አንደርቶኑን እና ከዚህ ቀደም የተስማማን ዕቃ መነሻ ማድረግ ነው።

በአዲስ አበባ ዙሪያ በሚገኙት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለሚኖሩ ተጠቃሚዎች ጉዳዩ የገንዘብም ጉዳይ ነው። ዕቃው አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የሚገባ ሲሆን የማድረሻ ሒሳብ ይጨመርበታል፤ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ ሻጮች መልሰው አይቀበሉትም።

ምንነትና ይዘት

ፋውንዴሽን የፊት ቆዳን ቀለም አንድ ወጥ ለማድረግ፣ ጠባሳና ማድያት ለመሸፈን የሚቀባ ነው። በፈሳሽ፣ በክሬም፣ በስቲክና በፓውደር መልክ ይመረታል። በመሠረቱ ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው ተሸካሚው ሲሆን ውሃ፣ ዘይት፣ ሲሊኮን ወይም ዱቄት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ቀለም ሰጪው ክፍል ነው። ለዚህ የሚውሉት በዋናነት ነጩ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ እንዲሁም ቢጫ፣ ቀይና ጥቁር የብረት ኦክሳይዶች ናቸው። በገበያ ላይ ያሉ ሼዶች በአብዛኛው የእነዚህ አራት ቀለሞች የተለያየ ቅይጥ ናቸው።

የቅይጡ መጠን በቆዳ ላይ የሚታየውን ውጤት ይወስናል። በጠቆረ ሼድ ውስጥ ነጩ ቀለም ሲበዛ ፋውንዴሽኑ በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ አመድማ ይሆናል። ቢጫው ሲበዛ ወደ ወርቃማ፣ ቀዩ ሲበዛ ወደ ጡብ መሰል ቀለም ይሄዳል። ስለዚህ ሁለት ሼዶች በጥቁረታቸው እኩል ሆነው አንዱ ሊስማማ፣ ሌላው ሊያስቀይም ይችላል።

ሌላው ልዩነት የመሸፈን አቅም ነው። ቀለል ያለ ሽፋን ያለው ፋውንዴሽን የቆዳውን ቀለም በከፊል ስለሚያሳልፍ የሼድ ስህተትን ይቅር ይላል። ከባድ ሽፋን ያለው ግን ግማሽ ደረጃ እንኳ ቢሳሳት በአንገትና በፊት መካከል መስመር ያወጣል።

ታሪክ

የዘመናዊው ፋውንዴሽን መነሻ ከሲኒማ ጋር የተያያዘ ነው። ማክስ ፋክተር በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ለቀለም ፊልም ተዋንያን የተዘጋጀውን «ፓን ኬክ» የተባለ ሜካፕ ለገበያ አቀረበ። ለብዙ ዓመታት በገበያ ላይ የነበሩት ሼዶች በአብዛኛው ለነጭ ቆዳ የተዘጋጁ ነበሩ።

በአሜሪካ ዩኒስ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1973 ለጥቁር ሴቶች ያቋቋመችው ፋሽን ፌር፣ እንዲሁም በሞቃዲሾ የተወለደችው ሞዴል ኢማን እ.ኤ.አ. በ1994 የመሠረተችው ኢማን ኮስሜቲክስ ይህን ክፍተት ለመሙላት ከተነሡት ይጠቀሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የተወለደችው ኢትዮጵያዊት ሞዴል ሊያ ከበደ የኤስቴ ሎደር የማስታወቂያ ፊት ሆና ተመረጠች፤ በኩባንያው ታሪክም ለዚህ ኃላፊነት የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 የዘፋኟ ሪሃና ፌንቲ ቢዩቲ በ40 ሼዶች ወደ ገበያ ሲገባ ሌሎች ኩባንያዎችም የሼድ ብዛታቸውን ለመጨመር ተገደዱ።

የሼዶች መብዛት ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ ዕድሉን አስፍቷል። በሌላ በኩል መረጣውን አክብዷል፤ ከስድስት ሼድ መምረጥና በጣም ከሚቀራረቡ 40 ሼዶች መምረጥ አንድ አይደለምና።

የቆዳ ቀለም

በሳይንስ

የቆዳን ቀለም በዋናነት የሚወስነው ሜላኒን ነው፤ ከቆዳ ሥር የሚዘዋወረው ደምም የራሱን ቅላት ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ከኢትዮጵያ፣ ከታንዛኒያና ከቦትስዋና የተውጣጡ ከ2,000 በላይ ሰዎችን ቆዳ ለክቶ፣ የብዙዎቹንም ዘረ መል መርምሮ፣ በአፍሪካውያን መካከል ያለው የቆዳ ቀለም ልዩነት እጅግ ሰፊ መሆኑንና ለዚህም በርካታ ዘረ መሎች ድርሻ እንዳላቸው አሳይቷል። ስለዚህ «ለሐበሻ የሚሆን» ተብሎ የሚተዋወቅ አንድ ሼድ ለሁሉም ኢትዮጵያዊ ሊስማማ አይችልም።

ቆዳን ለመመደብ ከሚያገለግሉት መለኪያዎች አንዱ የፊትዝፓትሪክ ሚዛን ነው። ቶማስ ፊትዝፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲያዘጋጀው ዓላማው ቆዳ ለፀሐይ የሚሰጠውን ምላሽ መለየት እንጂ ሜካፕ መምረጥ አልነበረም። ዛሬ ስድስት ደረጃዎች አሉት። የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ኤሊስ መንክ ያዘጋጀውና ጉግል እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ያደረገው የመንክ ሚዛን 10 ደረጃዎች ያሉት ሲሆን የጠቆረ ቆዳን በተሻለ ሁኔታ ይከፋፍላል።

በላቦራቶሪ ቀለም የሚለካው ሲላብ በተባለው የቀለም ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ እያንዳንዱን ቀለም በሦስት ቁጥሮች ይገልጻል፦ የብርሃን መጠን፣ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ያለው ዝንባሌ፣ እና ከሰማያዊ ወደ ቢጫ ያለው ዝንባሌ። ለፋውንዴሽን መረጣ ጠቃሚው ትምህርት ቀለም አንድ ቁጥር ብቻ አለመሆኑ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ሼዱ ምን ያህል የጠቆረ ወይም የፈካ እንደሆነ ሲናገር፣ ሁለቱ ቁጥሮች አንደርቶኑን ይናገራሉ።

በዕለት ቋንቋ

በአማርኛ የሰው መልክ ጥቁር፣ ጠይም፣ ቀይ ዳማና ቀይ እየተባለ ይገለጻል። በአካባቢው በስፋት በሚነገረው አፋን ኦሮሞም ጉራቻ፣ መጋላና ዲማ የሚሉ መግለጫዎች አሉ። እነዚህ ቃላት ለንግግር በቂ ቢሆኑም ሼድ ለማዘዝ ሁለት ጉድለት አለባቸው።

አንደኛ፣ የሚናገሩት ስለ ጥቁረትና ስለ ፍካት እንጂ ስለ አንደርቶን አይደለም። «ቀይ» የሚባል ሰው ቆዳው ወደ ቢጫ ያዘነበለ ሊሆን ይችላል፤ «ጥቁር» የሚባለውም የቀላ አንደርቶን ሊኖረው ይችላል። ሁለተኛ፣ ቃላቱ አንጻራዊ ናቸው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ «ቀይዋ» የምትባል ልጅ በሌላ ቤተሰብ ጠይም ትባላለች። ስለዚህ ለሻጭ «ጠይም ነኝ፣ የሚሆነኝን ላክልኝ» የሚል መልእክት ብዙ ሼዶችን ያቀፈ ሰፊ ክልል ያመለክታል።

አንደርቶን

አንደርቶን ከላይኛው ቀለም ሥር የሚታየው የቆዳ ዝንባሌ ነው። ብዙ ጊዜ በሦስት ይከፈላል፦ ሞቅ ያለ (ወደ ቢጫና ወርቃማ)፣ ቀዝቀዝ ያለ (ወደ ሮዝ፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ) እና መካከለኛ። ወደ አረንጓዴ የሚያደላው «ኦሊቭ» እንደ አራተኛ ይቆጠራል።

የእጅ አንጓ ደም ሥር ቀለምን በማየት አንደርቶንን መለየት በስፋት የሚመከር ዘዴ ቢሆንም፣ በጠቆረ ቆዳ ላይ የደም ሥር ቀለም በግልጽ ስለማይታይ ብዙም አያገለግልም። ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ የተሻለው በመንጋጋ ሥርና በአንገት ላይ ያለውን ቀለም በቀን ብርሃን ከነጭ ጨርቅ ጎን ማየት፣ ወይም ከዚህ ቀደም የተቀቡ ፋውንዴሽኖች እንዴት እንደከሸፉ ማስታወስ ነው። ፊት አመድማ ሆኖ ከነበረ ሼዱ የፈካ ወይም ነጩ የበዛበት ነበር። ወደ ብርቱካን ሄዶ ከነበረ ቢጫውና ቀዩ በዝቶ ነበር። ፊት ሮዝ ሆኖ አንገት ቢጫ ከቀረ አንደርቶኑ ቀዝቃዛ ነበር ማለት ነው።

ቀለም በስልክ ላይ የሚዛባባቸው ምክንያቶች

ብርሃን። ቢጫማ አምፖል 2,700 ኬልቪን ገደማ፣ የቀን ብርሃን ደግሞ ከ5,500 እስከ 6,500 ኬልቪን ገደማ የቀለም ሙቀት አለው። በአምፖል ብርሃን የተነሣ ፋውንዴሽን ሞቅ ያለ፣ በጥላ ውስጥ የተነሣው ቀዝቀዝ ያለ ይመስላል።

ኋይት ባላንስ። የስልክ ካሜራ የብርሃኑን ቀለም ገምቶ ነጭ ነገር ነጭ እንዲመስል ያስተካክላል። ግምቱ ሲሳሳት የሥዕሉ ቀለም በሙሉ ይዞራል። ሐምራዊ መጋረጃ ወይም አረንጓዴ ግድግዳ አጠገብ ሲነሡ ይህ በግልጽ ይታያል።

የብርሃን መጠን። ካሜራው የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ብሩህነት ለማምጣት ይሞክራል። ጠይም ፊት በነጭ ግድግዳ ፊት ሲነሣ ከእውነቱ ይጠቁራል፤ በጥቁር መጋረጃ ፊት ሲነሣ ይፈካል። አንድ ፊት በአንድ ቀን፣ በአንድ ስልክ ሁለት ሼድ ሊመስል ይችላል።

ፊልተር። ብዙ ስልኮች የራስ ፎቶ ሲነሣ ቆዳን የሚያለሰልስና የሚያፈካ ማስተካከያ አላቸው። በአንዳንዶቹ ማስተካከያው ተጠቃሚው ሳያውቅ በርቶ ይገኛል።

ስክሪን። የሻጩና የገዢው ስልኮች አንድን ፎቶ በአንድ ዓይነት አያሳዩም። ለዓይን እረፍት ተብሎ ማታ የሚበራው ማስተካከያ ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚቀንስ ሁሉንም ቀለም ቢጫ ያደርጋል።

የዕቃው ፎቶ። በሻጭ ገጽ ላይ የሚለጠፈው ምስል ብዙ ጊዜ ከአምራቹ ድረ ገጽ የተወሰደ ነው፤ ለሁሉም ሼድ አንድ ፎቶ የሚጠቀሙ ሻጮችም አሉ። በጠርሙስ ውስጥ የሚታየው ቀለምም ከደረቀው የተለየ ነው፤ ብዙ ፈሳሽ ፋውንዴሽኖች ከተቀቡ ከደቂቃዎች በኋላ ትንሽ ይጠቁራሉ።

የስህተቶቹ ድምር ጎረቤት በሆኑ ሁለት ሼዶች መካከል ካለው ልዩነት ሊበልጥ ይችላል። በመሆኑም «ከስክሪኑ ጋር አወዳድሬ መረጥኩ» የሚለው አካሄድ ከመገመት ብዙም አይሻልም።

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ

ሦስቱ ከተሞች ከመሃል አዲስ አበባ በግምት ከ15 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ይገኛሉ። ሰበታ በደቡብ ምዕራብ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በምዕራብ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ በሰሜን ከእንጦጦ ባሻገር በጎጃም መንገድ ላይ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል እነዚህንና ሌሎች በዙሪያው ያሉ ከተሞችን በማዋሃድ ሸገር ከተማን አቋቁሟል።

ቴስተር አስቀምጦ የሚያስሞክር የመዋቢያ ሱቅ ለማግኘት ከሰበታ በአየር ጤና፣ ከቡራዩ በአስኮ፣ ከሱሉልታ በአዲሱ ገበያ በኩል ወደ አዲስ አበባ መግባት ግድ የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው። የታክሲው ወጪና የሚወስደው ሰዓት ሲታሰብ በቴሌግራም አዝዞ በሞተር ማስመጣት ይቀላል። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. የጀመረው ቴሌብር እና የባንኮች የሞባይል አገልግሎቶች ክፍያውን አቅልለውታል።

ስህተቱ የሚያስከፍለው ግን ጨምሯል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው የአንድ የአሜሪካ ዶላር የባንክ ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባ ፋውንዴሽን ዋጋም ከዚሁ ጋር የተሳሰረ ነው።

ከፍታና ፀሐይ

ከተሞቹ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በበጋ በፀሐይ የሚንቀሳቀስ ሰው ፊቱ ከአንገቱ ይልቅ ይጠቁራል፤ በክረምት ደመና ልዩነቱ ሊቀንስ ይችላል። ለጥር ሠርግ የተስማማ ሼድ በነሐሴ ሊጠቁር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚጠቀሙ ሰዎች ሁለት ጎረቤት ሼዶችን ይዘው እንደ ወቅቱ ቢያቀላቅሉ ይመረጣል።

የመስኮት ብርሃን

በውጭ አገር የሚዘጋጁ መመሪያዎች ቀለም ለማየት ወደ ሰሜን የሚመለከት መስኮትን ይመክራሉ፤ በእነዚያ አገሮች ቀጥተኛ ፀሐይ በሰሜን በኩል አይገባምና። በአዲስ አበባ ዙሪያ ግን ይህ ዓመቱን ሙሉ አይሠራም። አካባቢው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኝ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ትውላለች። ስለዚህ የመስኮቱን አቅጣጫ ከማሰብ ይልቅ ቀጥተኛ ፀሐይ የማይገባበትን መስኮት ወይም በረንዳ መምረጥ ይሻላል።

የመረጣ ዘዴዎች

ከሚታወቅ ሼድ መነሣት

አስተማማኙ ዘዴ ከዚህ ቀደም በተጠቃሚው ፊት ላይ የተስማማን ፋውንዴሽን፣ ኮንሲለር ወይም ፓውደር ስምና ቁጥር መያዝ ነው። የራሱ ዕቃ የሌለው ሰው በውበት ሳሎን ሜካፕ ሲሠራለት፣ ለምሳሌ ለሠርግ ወይም ለሚዜነት፣ ባለሙያዋን የተጠቀመችበትን ሼድ ጠይቆ የጠርሙሱን ጀርባ ፎቶ ማንሣት ይችላል። ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ ሁለት ሼድ ስለሚያቀላቅሉ የሁለቱንም ቁጥር መመዝገብ ያስፈልጋል። የአንዱን ኩባንያ ሼድ ወደ ሌላው የሚመልሱ ድረ ገጾችም አሉ፤ ውጤታቸው ግምት ስለሆነ ከአንድ በላይ በሆኑት ማመሳከር ይመከራል።

የመለያ ቁጥሩን ማንበብ

የሼድ ቁጥር በሁሉም ኩባንያ አንድ ትርጉም የለውም። የአንዱ 330 ከሌላው 330 ጋር አይገናኝም።

• በሜይቤሊን ፊት ሚ ቁጥሩ ሲጨምር ሼዱ ይጠቁራል፤ ለምሳሌ 355 «ኮኮነት»፣ 360 «ሞካ» ናቸው።

• በኤስቴ ሎደር ደብል ዌር የመጀመሪያው ቁጥር ጥቁረቱን ይናገራል። መሃል ላይ ያለው ፊደል አንደርቶኑ ነው፦ «ሲ» ቀዝቃዛ፣ «ኤን» መካከለኛ፣ «ደብልዩ» ሞቅ ያለ።

• በማክ «ኤንሲ» የሚለው ወርቃማ ወይም ኦሊቭ አንደርቶን ላለው፣ «ኤንደብልዩ» ደግሞ ወደ ሮዝና ቀይ ላዘነበለ ቆዳ ነው። ይህ ከሌሎች ኩባንያዎች አሰያየም ተቃራኒ ስለሚመስል ብዙ ጊዜ ያሳስታል።

ስለሆነም ለሻጭ የሚላከው ትእዛዝ የኩባንያውን ስም፣ የምርቱን ስም፣ ቁጥሩንና የሼዱን ስም በሙሉ መያዝ አለበት። አንድ ኩባንያ ለዘይታማና ለደረቅ ቆዳ የሚያዘጋጃቸው ሁለት ምርቶች አንድ ቁጥር ይዘው በቀለም ትንሽ ሊለያዩ ይችላሉ።

ለማወዳደር የሚሆን ፎቶ ማንሣት

ለሻጭ ወይም ለባለሙያ የሚላክ ፎቶ የሚከተሉትን ሲያሟላ የተሻለ ይጠቅማል።

1. ፊት ታጥቦ፣ ክሬምና ሜካፕ ሳይኖር ይነሣል።

2. ረፋድ ላይ ወይም ከሰዓት በኋላ ቀጥተኛ ፀሐይ በሌለበት የቀን ብርሃን ይሆናል፤ አምፖል ይጠፋል።

3. ፊትና አንገት፣ ከተቻለም ደረት አብረው ይታያሉ።

4. ከፊት ጎን ነጭ ወረቀት ወይም ነጭ ነጠላ ይያዛል። በፎቶው ላይ ነጩ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ከመሰለ የቆዳውም ቀለም በዚያው መጠን ተዛብቷል ማለት ነው።

5. የማስዋቢያ ፊልተር መጥፋቱ ይረጋገጣል።

ነጩ ወረቀት ስህተቱን አያጠፋም፤ ስህተቱ መኖሩን ግን ያሳያል።

ከሻጩ የሚጠየቅ

ከሻጩ የሚፈለገው የዕቃው የራሱ ፎቶ ነው። የጠርሙሱ ጀርባ ሼዱ በግልጽ እየተነበበ፣ እንዲሁም ፋውንዴሽኑ በነጭ ወረቀት ላይ ከጎረቤት ሼድ ጋር ተቀብቶ በቀን ብርሃን ሲታይ ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሆናል። ከሁለቱ አንዱ በገዢው የሚታወቅ ሼድ ከሆነ የካሜራው መዛባት ሁለቱንም እኩል ስለሚነካ ልዩነታቸው ሊታመን ይችላል።

በሁለት ሼድ መካከል ማመንታት

በሁለት ጎረቤት ሼዶች መካከል ሲያመነቱ መወሰኛው አንገት ነው። የፋውንዴሽን ዓላማ ፊትን ከአንገትና ከደረት ጋር ማስማማት ስለሆነ ወደ አንገት የሚቀርበው ይመረጣል። ከተቀባ በኋላ የሚጠቁር ምርት ከሆነ ከሁለቱ የፈካው፣ አመድማ የማድረግ ጠባይ ያለው ከሆነ የጠቆረው ይሻላል። ለመጀመሪያ ጊዜ በኦንላይን ለሚገዛ ሰው ከከባድ ሽፋን ይልቅ ቀላል ሽፋን ያለውን መጀመር የስህተቱን ጉዳት ይቀንሳል።

ሲረከቡ

ዕቃው ሲደርስ ማሸጊያው ከመከፈቱ በፊት የሼዱ ቁጥር ከትእዛዙ ጋር መመሳከር አለበት። ሞተረኛው ሳይሄድ የሚደረግ የአንድ ደቂቃ ማጣራት በኋላ ከሚነሣው ክርክር ያድናል። ሲሞከርም በእጅ ጀርባ ላይ ሳይሆን በመንጋጋ መስመር ላይ ነው፤ የእጅ ቆዳ ከፊት የተለየ ቀለም አለው። ከተቀባ በኋላ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቆ በደጅ ብርሃን ማየት ትክክለኛውን ቀለም ያሳያል።

የፈካ ሼድ የመምረጥ ልማድ

ከመረጣ ስህተቶች ሁሉ ታውቆ የሚፈጸመው ከራስ ቆዳ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ የፈካ ሼድ መግዛት ነው። ከጀርባው «ቅላት ውበት ነው» የሚለው አመለካከት አለ። ውጤቱ ግን ከተፈለገው ተቃራኒ ነው፦ ፊት ከአንገትና ከጆሮ ተለይቶ እንደ ጭንብል ይታያል፣ በፍላሽ ሲነሣ ደግሞ ይነጣል። ፊትን ማፍካት የሚፈልጉ ባለሙያዎች መላውን ፊት በፈካ ፋውንዴሽን አይሸፍኑም፤ ቆዳውን የሚመስል ሼድ ቀብተው ከዓይን በታችና በግንባር መሃል ብቻ የፈካ ኮንሲለር ይጨምራሉ።

ፋውንዴሽን ከቆዳ ማቅያ ክሬም የተለየ ነገር መሆኑም መታወቅ አለበት። ፋውንዴሽን ታጥቦ የሚወርድ ቀለም ነው። በአንዳንድ ማቅያ ክሬሞች ውስጥ የሚገኘው ሜርኩሪ ግን ኩላሊትን እንደሚጎዳ የዓለም ጤና ድርጅት ያስጠነቅቃል።

ደኅንነትና ሕግ

የመዋቢያ ምርቶች በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር ናቸው። በጠርሙሱ ላይ ያለው የተከፈተ ማሰሮ ምልክትና በውስጡ የተጻፈው ቁጥር ምርቱ ከተከፈተ በኋላ ስንት ወር እንደሚያገለግል ያመለክታል። ተመሳስሎ የተሠራ ዕቃ ከጤና ሥጋቱ በተጨማሪ የሼድ መረጣውንም ያበላሻል፤ ቁጥሩ ከእውነተኛው ቢገለበጥም ቅይጡ ሌላ ስለሆነ በትክክለኛው ቁጥር ተሳስቶ መግዛት ይመጣል።

አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለሚደረጉ ግብይቶችና መልእክቶች ሕጋዊ እውቅና ሰጥቷል። በተግባር ሁለት ጉዳዮችን መለየት ይጠቅማል። ሻጩ ከታዘዘው የተለየ ሼድ ከላከ ስህተቱ የሻጩ ነው፤ በቴሌግራም የተላከው ትእዛዝና የክፍያ ማረጋገጫው ለዚህ ማስረጃ ይሆናሉ። ገዢው ያዘዘው ሼድ በትክክል መጥቶ በፊቱ ላይ ካልተስማማ ግን ዕቃው ጉድለት አለበት ማለት አስቸጋሪ ነው። ትእዛዝን በሙሉ ስምና ቁጥር በጽሑፍ መላክ የሚጠቅመው ለዚህም ነው።

በሶፍትዌር የሚደረግ መረጣ

አንዳንድ ኩባንያዎች ፊትን በካሜራ አይቶ ሼድ የሚጠቁም ሶፍትዌር ያቀርባሉ። ሎሬያል ለዚሁ ሥራ የካናዳውን ሞዲፌስ እ.ኤ.አ. በ2018 ገዝቷል። ሶፍትዌሩ በሥዕሉ ላይ የፊትን ክልል ለይቶ የቆዳውን አማካይ ቀለም ያሰላል፣ የብርሃኑን ተጽእኖ ለማረም ይሞክራል፣ ከዚያም ከሼዶች ዝርዝር ውስጥ በቀለም ርቀት ቅርብ የሆነውን ይመርጣል። የመጨረሻው ስሌት ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው የብርሃን እርማቱ ነው። በአምፖል ብርሃን የጠቆረ የሚመስል ፊት በእርግጥ የጠቆረ ይሁን ወይም ክፍሉ ጨለማ ይሁን ከአንድ ፎቶ ብቻ መለየት አይቻልም።

ፊትን የሚመረምሩ ሶፍትዌሮች በሁሉም ቆዳ ላይ እኩል አይሠሩም። በአዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ትምኒት ገብሩና ጆይ ቡኦላምዊኒ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት «ጀንደር ሼድስ» የተባለ ጥናት፣ ፊትን አይተው ጾታ የሚለዩ የሦስት ኩባንያዎች ሶፍትዌሮችን መርምረው ነበር። ለፈካ ቆዳ ወንዶች ከፍተኛው የስህተት መጠን 0.8 በመቶ ሲሆን ለጠቆረ ቆዳ ሴቶች እስከ 34.7 በመቶ ደርሷል። ጥናቱ ስለ ሜካፕ ባይሆንም፣ በአብዛኛው በፈካ ቆዳ ምስሎች የሠለጠነ ሶፍትዌር በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ የሚሰጠው ውጤት ለብቻው መፈተሽ እንዳለበት ያሳያል።

በዚህ ምክንያት የሶፍትዌር ጥቆማ የመጨረሻ ውሳኔ ሳይሆን መነሻ ሆኖ ይወሰዳል። አንድን ፊት በተለያየ ሰዓትና ቦታ ሦስት ጊዜ አስነሥቶ ውጤቱን ማወዳደር ቀላል መፈተሻ ነው፤ ሦስቱም አንድ ወይም ጎረቤት ሼድ ከሰጡ ጥቆማው ሊታሰብበት ይችላል፤ የተራራቁ ሼዶች ከሰጡ ግን የለካው ቆዳውን ሳይሆን የክፍሉን ብርሃን ነው።